የገና ሰሞን ከበባ

ከገና በፊት ባለው ሳምንት መምህሩን ከትምህርት ቤቱ ውጭ ማስቀረት በሐይቁ ዳር ባሉ መንደሮች ሁሉ የተለመደ ነው። ልጆቹ ማልደው ይገቡና በሩን በአግዳሚ ወንበር ደግፈው ይዘጉታል። መምህሩ ወይ ሰብሮ ይገባል፣ ወይ ፖምና የእረፍት ቀን እሰጣለሁ ብሎ ይለምናቸዋል። ስለዚህ ያን ቀን ጠዋት በሩ አልከፈት ሲለኝ አልደነገጥኩም። የደነገጥኩት ሚስተር ሃስኪንስ መጥተው ከኋላዬ ሲቆሙ ነው።

መምህር የሚቀጥሩትም የሚያሰናብቱትም እሳቸው ናቸው። አገራችን ከእንግሊዝ ጋር ባደረገችው ጦርነት ወንዙ ዳር ባለው ምሽግ ተከበው ነበር፤ ግራ እጃቸው ከዚያ ወዲህ አይታጠፍም።

"ያምናው መምህር ሦስት ቀን ደጅ ቆመ፤ በመጨረሻም እጁን ሰጠ" አሉኝ። "አሁን የት እንዳለ ታውቃለህ?"

"አላውቅም፣ ጌታዬ።"

"እኔም አላውቅም። ዛሬ ከምሳ በፊት ካልገባህ አንተም ትከተለዋለህ። እጅ የሚሰጥ ሰው የዚህን አገር ልጆች አያስተምርም።"

ሃያ ዓመቴ ነበር። የተማርኩት ልጆቹ የሚማሩትን ያህል ሲሆን፣ የተቀጠርኩትም ስጽፍ ፊደል ስለማልስት ነው። ከዚያ ከወጣሁ የሚጠብቀኝ የአጎቴ እንጨት መሰንጠቂያ ብቻ ነበር። ሰው ፊት ስናገር ድምፄ ይጠፋል፤ መሰንጠቂያው ውስጥ ደግሞ የማይጮህ ሰው አይሰማም።

ክፍሉ ጸጥ የሚልልኝ ስለ ጦርነቱ ሳስተምር ነበር። ሒሳብ ላይ እርስ በርስ የሚቆነጣጠሩ ልጆች፣ የምሽጉ ነገር ሲነሳ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አይነቅሉም። ከኅዳር ጀምሮ ታሪኩን በጨዋታ ስናሳየው ቆይተናል። የሚስተር ሃስኪንስ ልጅ ኦሪን የምሽጉ አዛዥ ይሆናል። እንግሊዝ መሆን ግን ማንም አይፈልግም፤ አንዱን ብመድበው ያለቅሳል። ስለዚህ እንግሊዙ ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ። በሩ ላይ ቆሜ፣ "ክፈቱ! አለዚያ አንዳችሁም በሕይወት አትወጡም!" እላለሁ። እነሱም ባንድ ድምፅ፣ "ና ግባ፣ ከቻልክ!" ብለው ይጮኹብኛል። ሲጮኹ ፊታቸው የሚያበራውን ማየት ደስ ይለኝ ነበር።

የመስኮቱን መዝጊያ አንኳኳሁ።

"ማነው?" አለ ኦሪን ከውስጥ።

"መምህር ኤበን ነኝ።"

"እንዲህ የሚባል ሰው አናውቅም። አንተ እንግሊዝ ነህ!"

ሳቁ ቤቱን አናወጠው። "ቀይ ኮትህን የት ጣልከው?" አለ ሌላው፤ የእንግሊዝ ወታደር ቀይ ለባሽ ነውና። "ንጉሥህን ይዘህ ና!" አለች አንዲት ቀጭን ድምፅ። ሂቲ ነበረች። ሰባት ዓመቷ ነው፤ ደረቷ ደካማ ስለሆነ በብርድ ጊዜ ስትተነፍስ ያፏጫል።

እኔ መስኮቱ ላይ ስለማመጥ ሚስተር ሃስኪንስ መሰላል አስጠግተው ጣሪያው ላይ ወጡ። በጢስ ማውጫው አፍ ላይ ሰፊ ሳንቃ ጋደም አድርገው ወረዱና እጃቸውን አራገፉ።

"ጢሱ ያስወጣቸዋል" አሉ። "እኛም በልጅነታችን እንዲሁ ወጥተናል።"

መጀመሪያ የተሰማው ሳቅ ነበር። ቀጥሎ ሳል መጣ። በመዝጊያው ስንጥቅ ጢስ ይወጣ ጀመር፤ ከሳሉ ሁሉ መካከል የሂቲ ፉጨት ተለይቶ ተሰማኝ። አጭር ነው፣ ይቆማል፣ እንደገና ይጀምራል።

"ኦሪን፣ ክፈት!" አልኩ። "ጢሱ ይገድላችኋል! አንዳችሁም በሕይወት አትወጡም!"

ከዚያ እያሳሉ፣ ባንድ ድምፅ፣ "ና ግባ፣ ከቻልክ!"

በጨዋታው የምለውን ያንኑ ቃል ነበር የተናገርኩት።

"ጨዋታ አይደለም! ሂቲን ስማት!"

"እንግሊዝም እንዲህ ነው የሚለው" አለ ኦሪን። ድምፁ ተዘግቷል። "ማንም በሩን እንዳይነካ!"

ወደ አባቱ ዞርኩ። "ሳንቃውን ያንሱት።"

"ትንሽ ታገስ። ልጄን አውቀዋለሁ፤ ይከፍታል።"

"አይከፍትም፣ ጌታዬ። እኔ ነኝ ያስተማርኩት።"

መሰላሉን በደህናው እጃቸው ያዙ። "ብትወጣ ሥራህን እዚሁ ትተህ ነው።"

ከጎናቸው አልፌ ወጣሁ። ሳንቃውን በእግሬ ስገፋው እግራቸው ሥር በረዶው ላይ ወደቀ፤ ጢሱም ፊቴ ላይ ተተኮሰ። በሩ ግን አልተከፈተም። ፉጨቱ አሁን አይሰማም።

"ኦሪን!" አልኩ ወደ ጢስ ማውጫው ጎንበስ ብዬ። "እጄን ሰጥቻለሁ!"

"አልሰማንም!"

የልጆቹ አባቶች ጩኸቱን ሰምተው በአጥሩ በኩል ተሰብስበው ወደ ላይ ያዩኛል። ቀና ብዬ ቆምኩ። "መምህር ኤበን እጁን ሰጥቷል!" ብዬ ጮኽኩ። ሐይቁ ድረስ የተሰማ መሰለኝ። "እንግሊዝ ተሸንፏል! የፈለጋችሁትን እሰጣለሁ፣ በሩን ክፈቱ!"

ወንበሮች ሲጎተቱ ሰማሁ። በሩ ተከፈተና ልጆቹ ፊታቸው ጠቁሮ፣ እያለቀሱም እልል እያሉም ወጡ። ኦሪን በመጨረሻ ሂቲን ታቅፎ ወጣ። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል። በረዶው ላይ ሲያስቀምጣት ረጅም ትንፋሽ ሳበች፤ ቀጥሎም ሌላ። እንዴት ከጣሪያው እንደወረድኩ አላስታውስም።

ኦሪን ሳንቃውን አየ። ቀጥሎ አባቱን አየ።

"አባባ፣ እርስዎ ነዎት የደፈኑት?"

ሚስተር ሃስኪንስ እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። "ቁልፉን አምጣ። በልጆች ፊት እጅህን ሰጥተሃል።"

"ሰጥቻለሁ" አልኩና ቁልፉን አቀበልኳቸው። ድምፄ እንደገና ጠፍቶ ነበር።

ጋሪያቸው ላይ ወጥተው ኦሪንን ጠበቁት። እሱ ግን ጎናቸው አልተቀመጠም፤ በእግሩ ከኋላ ተከተለ።

የሂቲ ቤት በመንገዴ ላይ ስለሆነ በኮቴ ጠቅልዬ አዝያት ሄድኩ። ድልድዩን እስክንሻገር ትንፋሿን እያዳመጥኩ ነበር።

"መምህር" አለችኝ በመጨረሻ፣ አፏን ጆሮዬ ላይ አድርጋ። "እጅዎን የሰጡት ለጨዋታ ነው የእውነት?"

"የእውነት ነው፣ ሂቲዬ።"

አሰበችበት።

"እሺ" አለች። "ለእማዬ አልነግርብዎትም።"