ሳይገለበጥ የቀረው ዲስክ

ሦስት ሳምንት ሙሉ ወገቤን ሳላሳርፍ ኮምፒውተር ስጠግን ከረምኩ። እዚህ ሕንድ፣ ኮልካታ ውስጥ የእጅ ባለሙያዎች አምላክ የቪሽዋካርማ በዓል ሲቃረብ ደንበኛው ሁሉ «በዓሉ ሳይደርስ ጨርስልኝ» ይላል፤ በዕለቱ መሣሪያ ሁሉ ያርፋላ። መፍቻውም ኮምፒውተሩም ታጥቦ፣ አበባ ተደርጎለት ይቀመጣል፤ ማንም አይነካውም። እኔም የምጠብቀው እሱን ቀን ብቻ ነበር።

በበዓሉ ጠዋት ሄሜንዱ ባቡ የተከፈተ ላፕቶፕ ታቅፈው ወደምሠራበት ሱቅ ገቡ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ «ባቡ» የምንላቸው ለአክብሮት ነው። አሥራ አንድ ዓመት በየወንዙ ዞረው ከሽማግሌ ጀልባ ቀዛፊዎች አፍ የለቀሙት ቃል ሁሉ ያለው እሱ ውስጥ ነው። ሌላ ቅጂ የላቸውም።

«ከትናንት ጀምሮ ቋ ቋ ይላል። ማጥፋቱን ፈርቼ እንደበራ ይዤው መጣሁ» አሉኝ።

ጆሮዬን አስጠጋሁ። ዲስኩ እያጣጣረ ነው። እንዲህ ያለው አንዴ ከጠፋ ላይነሳ ይችላል፤ ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። ሙሉውን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ደግሞ ስድስት ሰዓት ይፈጃል። ስድስት ሰዓት! አልቅስ አልቅስ አለኝ።

«ዛሬ አይሆንም ባቡ፤ የመሣሪያ ቀን ነው» አልኩ።

መሸጥ እንጂ መጠገን የማያውቀው የሱቁ ባለቤት ጎኩል ዳ፣ ወንድም ጎኩል እንደማለት ነው፣ የበዓሉን ጣፋጭ እያኘከ ዞረ። «ምን ነካህ? ገልብጥላቸው እንጂ! ቪሽዋካርማ ራሱ ባለሙያ አይደል? አይቀየምህም።»

«ደንብ ደንብ ነው ጎኩል ዳ።»

«ወይ ጉድ! አንተ ደግሞ መቼ ነው የጸደቅከው?»

ሄሜንዱ ባቡ ቆጣ አሉበት። «ተወው! አምላኩን የሚያከብር ወጣት ዛሬ ከየት ይገኛል? ነገ ይደርሳል።»

«እንግዲያው አጥፍተው ይተዉልኝ» አልኩ። አጠፉት። ቤቴ ገብቼ እስኪነጋ ድብን ብዬ ተኛሁ።

በማግስቱ አበራሁት። ዝም። ዲስኩን አውጥቼ ሌላ ማሽን ላይ ሰካሁት፤ ዝም። እስከ ከሰዓት በኋላ ታገልኩ። ሄሜንዱ ባቡ አጠገቤ ወንበር ላይ ተቀምጠው እጄን እጄን ሲያዩ ዋሉ።

«በቃ?» አሉ በመጨረሻ።

«በቃ፣ ባቡ።»

«እንደገና እንዳልጠይቃቸው፣ ቀዛፊዎቹ እኮ አብዛኞቹ ሞተዋል» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ፊቴን አይተው መሰለኝ፣ ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ። «አንተ ምን አጠፋህ ልጄ? ለአምላክህ ብለህ ነው።»

ጎኩል ዳ ቀና ብሎ አየኝ። የምን አምላክ! አልኩ በልቤ። ደክሞኝ ነበር፣ በቃ ደክሞኝ። እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ።

«አዎ፣ ባቡ» አልኳቸው።