የዘይትና የአሸዋ ምርጊት

ሰፈሩ ሁሉ «ማስቲካ» ይለኛል። ሥራዬ በድንጋይ ግድግዳና በእንጨት መቃን መካከል ያለውን ክፍተት መድፈን ነው። የደረቀ አሸዋ ነፍቼ፣ በተልባ ዘይት አሽቼ፣ በእፍኝ ስጨብጠው ቅርጽ ሲይዝልኝ ክፍተቱ ውስጥ እጠቀጥቀዋለሁ። ላዩ ይደርቃል፤ ውስጡ ግን እንጨቱ ሲያብጥም ሲኮማተርም አብሮት ይሄዳል። ያስተማረኝ አባቴ ነው። ከእኔ የተሻለ የሚሠራ እስካሁን አላየሁም። ጉራ አይደለም፤ ያላመነ ዝናብ ሲዘንብ ሄዶ ግድግዳዎቼን ይጠይቅ።

አምና የአሮጌው ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት አስጠሩኝ። ለቦታው አዲስ ናቸው። ሕንፃው ድንጋይ ነው፣ አሥራ ሰባት መስኮት አለው፣ በአሥራ ሰባቱም ውሃ ይገባል። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ከመስኮቱ ሥር የተደረደሩት መጻሕፍት ረጥበው ተነፋፍተዋል።

«እኔ ሳልመጣ አንዱ ሲሚንቶ ሞልቶበት ሄዷል» አሉኝ። «ማን እንደሆነ ባውቅ ጆሮውን ይዤ ነበር የማመጣው።»

የሲሚንቶውን ዳር በጣቴ ዳሰስኩት። በአውራ ጣት ተለስኖ ወደ ግራ ተስቧል። እንደዚያ የሚለስን አንድ ሰው ብቻ አውቃለሁ፤ ታላቅ ወንድሜ፣ አናጺው።

ከተኳረፍን አራት ዓመት ሆኖን ነበር። አባታችን ባረፈ ማግሥት «የአሸዋና የዘይት ዘመን አለፈ፣ አሁን ሲሚንቶ ነው» አለኝ። እኔም ምላሴ መቼ አርፎ ያውቃል፣ አማቶቹ ፊት «አንተ እንጨትህን ቁረጥ፤ የአባቴን ሥራ አታውቀውም» አልኩት። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ስንተላለፍ እሱ ሰማይ ሰማዩን፣ እኔ ጫማ ጫማዬን ነው የምናየው።

«አላውቅም» አልኳቸው፤ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

በማግሥቱ መሰላል አቁሜ ከውጭ በኩል ሲሚንቶውን መፈንቀል ጀመርኩ። የበሰበሱትን መቃኖች የሚጠግን አናጺ ቀጥሬያለሁ ብለውኝ ነበር። ከውስጥ በኩል ብቅ ያለው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ወንድሜ። ዓይን ለዓይን ስንገጣጠም ሜትሩ ከእጁ ወደቀ።

ርዕሰ መምህርቷ አጠገቡ ቆመዋል። «ለሠራተኛዋ ይንገሩልኝ» አላቸው፣ «ለምርጊቷ ስንት ጣት ክፍተት ልተውላት?»

«ለአናጺው ይንገሩልኝ» አልኩ፣ «አንድ ጣት። በእኔ ጣት እንጂ በእሱ ግንድ አይደለም።»

ሴትዮዋ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አዩ። «አፍንጫችሁ ቁርጥ አንድ ነው። እህትና ወንድም ናችሁ አይደል? እኔ የማስታርቀው ተማሪ ሞልቶኛል» ብለው ጥለውን ወጡ።

እኔ መፈንቀሌን ቀጠልኩ። አንድ ትልቅ የሲሚንቶ ቁራጭ ተገንጥሎ ሲወድቅ ከኋላው ያለው እንጨት ታየ። በጥፍሬ ብነካው እንደ ራሰ ወረቀት ተላጠ። ውሃው በስንጥቁ ገብቶ መውጫ ሲያጣ እዚያው አበስብሶታል። ወንድሜም ከውስጥ ሆኖ አየው። ምላሴ ጫፍ ላይ ስንት ነገር መጣ! ዋጥኩት።

«እኔ ነኝ የሞላሁት» አለ በክፍተቱ በኩል፣ ቀስ ብሎ።

«ትናንት ገና ስነካው አውቄያለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሻቸውም?»

«ወንድም ጋሼ፣ ያንተ ገመና የእኔም አይደል እንዴ?»

መዶሻውን መስኮቱ ላይ አስቀምጦ ወጣ፤ እርምጃው ወደ ርዕሰ መምህርቷ ቢሮ ሲሄድ ሰማሁት። ሲመለስ ፊቱ ላብ በላብ ነው።

«ምን አሉህ?»

«‹ራስህ መጥተህ ስለነገርከኝ አላባርርህም፤ ግን አሥራ ሰባቱንም አንተው ትፈነቅላለህ› አሉኝ።» ከት ብዬ ስስቅ መሰላሉ ተነቃነቀ። «ያዢው እንጂ፣ ትወድቂያለሽ!» ብሎ ጮኸ። በአራት ዓመት ውስጥ ስለ እኔ ሲጨነቅ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

እሱ እየፈነቀለና መቃን እየቀየረ፣ እኔ እየጠቀጠቅሁ ሦስት ሳምንት ሠራን። አሸዋውን ሳሽ ቆሞ ያይ ጀመር። «ዘይቱ አልበዛም?» ሲለኝ «ጨብጠህ እየው» አልኩት። ጨበጠ። እጁን ሲከፍት የጣቶቹ ቅርጽ አልፈረሰም። «ለካ ይሄ ነው» አለ።

በአራተኛው ሳምንት ከባድ ዝናብ ከነፋስ ጋር መጣ። ርዕሰ መምህርቷ በየመስኮቱ ሥር ደረቅ ወረቀት ዘርግተው ከክፍል ክፍል ዞሩ። እኔ ግን ቁጭ ብዬ ዘይት የነካው እጄን እየጠረግሁ ነበር፤ የሠራሁትን አውቃለሁ። አሥራ ሰባቱንም ወረቀት ደረቅ እንደሆነ ሰብስበው መጡ።

ዝናቡ ሲያባራ ከወንድሜ ጋር እናታችን ቤት ሄድን። ሁለታችን በአንድ በር ስንገባ ብታይ ደንግጣ ብድግ አለች።

«ምነው ልጆቼ፣ ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም እማዬ፤ ርቦን ነው» አላት ወንድሜ።