ሥራ ፈት የተባለው ሰርቨር

ደስታነሽ የሰርቨሩን ጓዳ ከፍታ እጇን ወደ ታችኛው መደርደሪያ ብትሰድ ያገኘችው አቧራ ብቻ ነበር። ተጠባባቂው ሰርቨር የለም። ከላይ ያለው ዋናው ደግሞ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ መነሣት አቅቶታል። ዲስኩ ሞቷል።

"ሃጊት፣ እታች የነበረው ማሽን የት ሄደ?" አለች በዕብራይስጥ።

የማኅበሩ ኃላፊ ሃጊት ከወረቀቷ ቀና አላለችም። "ትናንት ለማልካ ሰጠኋት። የሷ አርጅቶ ነበር፤ ያኛው ሁለት ወር ሙሉ ሥራ ፈትቶ ተጎልቷል።"

"የሱ ሥራ እኮ መጎለት ነው። ማታ ማታ የቀኑን ሥራ ይገለብጣል፤ ዋናው ሲወድቅ ይተካል።"

"ዋናው መቼ ወድቆ ያውቃል?"

"አሁን።"

ሃጊት ብዕሯን አስቀመጠች። "ይሂዬ ቤሴደር" አለች፤ ይስተካከላል ማለቷ ነው። ደስታነሽ በዚህ ቢሮ ስድስት ዓመት ስትሠራ ይህችን ቃል ያልሰማችበት ቀን የለም። ያስተካከለችው ግን ሁልጊዜ እሷው ናት።

ቢሮው ኢየሩሳሌም፣ ሃነቪኢም መንገድ ላይ፣ የኢትዮጵያ ጎዳና መታጠፊያ አጠገብ ነው። ዳታቤዙ ጎንደር ሆነው ወደ እስራኤል ለመግባት ተራ የሚጠብቁ ሦስት ሺህ ቤተሰቦችን የዘር ሐረግና የዘመዶቻቸውን ምስክርነት የያዘ ነው። ደስታነሽ ይህ ሁሉ በአንድ ዲስክ ላይ ተንጠልጥሎ እንቅልፍ ስለ ነሣት፣ ተጠባባቂውን ያገኘችው አንድ ዓመት ለምና ነው።

ወደ ጸሐፊዋ ወደ ማልካ ጠረጴዛ ሄደች። ማልካ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ደንገጥ አለች።

"ጥቁር መስኮት ብቻ ነበር የሚያሳየኝ" አለች። "ወንድሜ መጣና ሁሉንም አጥፍቶ አዲስ ዊንዶውስ ጫነልኝ። የሚፈለግ ነገር ነበረበት?"

 ደስታነሽ ሳጥኑን ነቅላ፣ ታቅፋ ወደ ጓዳው ተመለሰች። ታልፒዮት ሰፈር ላለው ሱቅ ደውላ አዲስ ዲስክ አዘዘች። የቀራት በሳምንት አንዴ፣ ሐሙስ ሐሙስ ዳታቤዙን የምትቀዳበት ቴፕ ነው። ዲስኩ መጥቶ፣ እስከ ቀትር ድረስ ስትታገል አርፍዳ ዋናው ሰርቨር ተነሣ፤ ተጠባባቂውም ከሥሩ ተተከለ። እስከ ሐሙስ ያለው ሁሉ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ የገባው፣ የእሁዱ፣ ግን የለም።

እሁድ የመጡት ደግሞ አባ አይቸው ነበሩ።

አባ አይቸው ጎንደር ለቀረችው እህታቸው ለእናና ሁለት ሰዓት ሙሉ መስክረዋል። ከሃያ ዓመት በፊት በሱዳን በኩል ሲወጡ እናና በኩር ልጇን አደራ ብላ ሰጥታቸው ነበር፤ ልጁ በረሃው ላይ እጃቸው ላይ ሞተ። እስከዚያች እሁድ ለማንም ዝርዝሩን ተናግረውት አያውቁም። የእናና የመግቢያ ጉዳይ የሚታየው ረቡዕ ነው።

"ጥሪያቸውና እንደገና ይናገሩ" አለች ሃጊት። "ኮምፒውተሩ ተበላሸ በያቸው።"

ሽማግሌው ከማሃኔ ይሁዳ ገበያ የገዙትን ሽንኩርት እንደ ያዙ መጡ። "ምነው ልጄ፣ ወረቀት ጎደለብሽ?"

"አባ አይቸው፣ እሁድ የነገሩኝ ጠፋብን" አለች። "ማሽን መበላሸቱ ያለ ነው፤ ለዚያ ብዬ ሌላ አቁሜ ነበር። ከቢሮው ሰው አነሣው። ጥፋቱ የኛ ነው።"

አማርኛ የማትሰማው ሃጊት በሩ ላይ ቆማ "ምን አልሻቸው?" አለች።

"የሆነውን።"

አባ አይቸው ዘንቢላቸውን መሬት ላይ አኖሩ። "አንዴ የተናገርሁት ለእናና ስል ነው። እሁድ ከዚህ ወጥቼ እህል አልቀመስሁም። ሁለተኛ አልችለውም ልጄ።"

ሃጊት ንግግሩ ያለቀ መሰላት። "ዋናው ከተነሣ እኮ ያኛው እንደገና ሥራ ፈት ነው። ማልካ ዛሬ ልትወስደው ትችላለች?"

ደስታነሽ ተነሥታ የሰርቨሩን ጓዳ ቆለፈችና ቁልፉን ኪሷ ከተተች። ከዚያ የቢሮዋን በር፣ ሃጊትን ውጭ እንደ ቆመች፣ ቀስ ብላ ዘጋችው።

"እርስዎ አይናገሩ" አለች ተመልሳ እየተቀመጠች። "የሰማሁትን እኔ ልበለው። ስሳሳት ብቻ ያርሙኝ።"

 ሽማግሌው አልሄዱም።

እየተናገረች ትጽፍ ጀመር። የአባታቸውን ስም፣ የአያታቸውን የአጥናፉን፣ ከዚያ በላይ ያሉትን እስከ ሰባት ቤት ቆጠረች። አንዳንዱ ጠፍቷት ስትቆም እሳቸው በዝግታ ይሞሉላታል። የእናና ልጆች ዘንድ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"በኩሩ ካሴ። በረሃ ላይ፣ በእርስዎ እጅ ላይ ያረፈው። ዐሥር ዓመቱ።"

አባ አይቸው ወደ መስኮቱ ዞሩ። "ዐሥራ አንድ" አሉ።

ደስታነሽ ዐሥሩን አጥፍታ ዐሥራ አንድ ጻፈች። ማታ እስኪደርስ አልጠበቀችም፤ የሚቀጥለውን ስም ከመጀመሯ በፊት የተጻፈውን እዚያው ወደ ተጠባባቂው አስገለበጠችው።