አልነሳ ያለው እባጭ

መቱ ሆስፒታል የምትሠራው ሐኪም ዕፀገነት ጫፉ ካሜራ ባለው ቱቦ በጋሼ መሀመድ ሰዒድ አንጀት ውስጥ ያገኘቻትን የመጀመሪያዋን ትንሽ እባጭ፣ ቀለበት በመሰለ ሽቦ አንቃ፣ ሽቦውን ሳታግል ቆረጠቻት። የሁሩሙው ንብ አርቢ ጋሼ መሀመድ በጎናቸው ተኝተው ሁሉን በስክሪኑ ያዩ ስለነበር፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አላመመኝም» አሉ።

ሁለተኛው ግን ሰፊና ጠፍጣፋ ነበር። እንዲህ ያለውን ዝም ብሎ መቁረጥ አንጀት ሊበሳ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ከሥሩ ፈሳሽ ወግታ ልታነሳው፣ ከዚያ በጋለ ሽቦ ልትቆርጠው አሰበች። ስትወጋው ዙሪያው ተነፋ፤ እባጩ ግን እንደተጣበቀ ቀረ። ቦታ ለውጣ ብትደግመውም አልነሳ አለ። ሥር ሳይሰድ እንዳልቀረ ስለገባት መቁረጡን ተወችው። ለምርመራ የሚላክ ናሙና ብቻ ወስዳ ቱቦውን አወጣች።

«ይኼኛውንስ ለምን ተውሽው፣ ልጄ?»

«ይሄ በሽቦ የሚወጣ አይደለም፣ ጋሼ። ጅማ ሄደው ቀዶ ጥገና ማድረግ ያስፈልግዎታል።»

«ካንሰር ነው?»

ውጤቱ ይምጣ ልትል ነበር፤ ዓይናቸውን ስታይ ግን መሸሽ አቃታት። «እንዳይሆን እፈራለሁ» አለች።

ጋሼ መሀመድ ባለቤታቸው ከውጭ ወደሚጠብቁበት በር ዞሩ። «ለረሂማ እኔው ልንገራት፤ ካንቺ ከሰማች ትደነግጣለች» ብለው ተነሡ።

ዕፀገነት ክንዳቸውን ደግፋ እስከ በሩ አደረሰቻቸው። ባለቤታቸው እትዬ ረሂማ ከአግዳሚው ብድግ ብለው፣ «አወጡልህ?» አሉ በደስታ።

«አንዷን አውጥተውልኛል» አሉ ጋሼ መሀመድ፤ የቀረውንም ሊነግሯቸው የባለቤታቸውን እጅ ይዘው አጠገባቸው ተቀመጡ።