ሠላሳ ሰባት ባቄላ

እኔ አድማሴ ቂመኛ ነኝ፤ አልደብቅም። አባቴ ቄስ ወልደ ዮሐንስ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» እያሉ ቢያሳድጉኝም፣ እኔ ጸሎቱንም ቂሙንም አብሬ ይዤ ኖርሁ። ከቂሞቼ ሁሉ የጣፈጠኝ መምህር ክንዱን የተበቀልሁበት ነው። የመረረኝም እሱው ነው።

ነገሩ የጀመረው በሃምሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ ኅዳር ላይ ነው። ያን ጊዜ ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር፤ ቅኔ ተቀኝቼ፣ ከትርጓሜ መጻሕፍትም ጥቂት ቀምሼ፣ መሪጌታ ተብዬ ጥምጥም ጠምጥሜያለሁ። እኅቴ ሲሳይነሽ ቡሬ ሰባተኛ ክፍል ትማራለች። አባታችን «ሴት ልጅ ብቻዋን ከተማ አትከርምም» ስላሉ፣ ቤት ተከራይቼ የምጠብቃት እኔ ነበርሁ። ሌላም ውል አስገብተዋታል፤ የስምንተኛ ክፍልን ሚኒስትሪ ካለፈች ደብረ ማርቆስ ሄዳ ትማራለች፣ ከወደቀች ግን ሽንዲ ላለው ለገደፋው ትዳራለች። ገደፋው ሚስቱ የሞተችበት፣ ባለ ብዙ መሬት፣ ዕድሜውም ከአባታችን ብዙ የማያንስ ሰው ነው።

ቤት ተጎልቼ ከምውል ብዬ ርእሰ መምህሩን አቶ ንብረትን ለመንኋቸው። እሳቸውም ከእኅቴ ክፍል ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ እንግሊዝኛ እንድሰማ ፈቀዱልኝ። አስተማሪው ክንዱ ይባላል፤ የደምበጫ ልጅ፣ በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ፣ ከአዲስ አበባ በከረባት የተመለሰ።

አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ «ቴክ» የሚለውን ቃል ጻፈና «መውሰድ ማለት ነው፤ ጻፉ» አለ። እኔ ግን በመጽሐፋቸው ውስጥ አንድ ልጅ ጫማውን ሲያወልቅ የሚያሳይ ሥዕል አይቻለሁ፤ ከሥሩም ይኸው ቃል አለ። ከእኛ ጉባኤ ቤት ለአንድ ቃል አንድ ፍቺ ብቻ ሰጥቶ የሚያልፍ መምህር ደቀ መዝሙር አይበረክትለትም። «አንድም» ብሎ መጠየቅ መምህሩን ማክበር ነው፤ «ገና አለዎት፣ ይጨምሩልን» እንደ ማለት ነው። ስለዚህ ብድግ ብዬ፣ እጅ ነሥቼ፣ «የኔታ፣ አንድም ማውለቅ ይሆን?» አልሁት።

ክንዱ ግን የደፈርሁት መሰለው። «አንድም! አንድም!» እያለ በአፍንጫው አንጎራጎረብኝ። ልጆቹ ሳቁ። «ይህ የደብተራ ጉባኤ አይደለም፤ ና ውጣ!» ብሎ ፊት ለፊት አቆመኝ። ከዚያም ጥምጥሜን ከራሴ ላይ አወለቀና ሰሌዳውን ጠረገበት። «ይኸውልህ፣ ማውለቅም ነው» ብሎ ወረወረልኝ። አርባ ልጅ ወንበሩን እየደበደበ ሲስቅ፣ ሲሳይነሽ ብቻ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ ቀረች።

ጥምጥሙን አላጠብሁትም። ጠመኔው እንዳለበት አጣጥፌ ከዳዊቴ ጋር ማኅደሩ ውስጥ ከተትሁት።

እኅቴን ለአንዲት ዘመዳችን አደራ ሰጥቼ ፍኖተ ሰላም ወረድሁ። እዚያ አባ ገብረ ሕይወት የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ በወጣትነታቸው ለእንግሊዞች አስተርጓሚ ሆነው የሠሩ፣ ሁለት እጅ የሚጠይቅ መዝገበ ቃላት ያላቸው። እግራቸው ላይ ወድቄ «አንድ ቃል ያስተምሩኝ» አልኋቸው።

«አንድ ብቻ?» አሉኝ።

«አንድ ብቻ። ግን እስከ ሥሩ።»

ዓመት ከሁለት ወር አገለገልኋቸው። እንጨት ፈለጥሁ፣ ውኃ ቀዳሁ፣ በቅሏቸውን አጠጣሁ። እሳቸውም ማታ ማታ ከመዝገቡ አንድ አንድ ፍቺ ያወጡልኛል፤ እኔ እንደ ጉባኤ ቤት ቆሜ፣ እየተወዛወዝሁ በቃሌ እይዛለሁ። አንዳንዴ «ልጄ፣ ሌላም ቃል አለ እኮ። ውኃ ምን እንደሚባል እንኳ አታውቅም» ይሉኛል። «መጀመሪያ ይህን ልፈጽም» እላቸዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ስለ ውኃ አላሰብሁም። በያንዳንዱ ፍቺ የክንዱን ፊት አያለሁ፤ ይህን ሲሰማ እንዴት እንደሚሆን እያሰብሁ ብቻዬን እስቃለሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

በስድሳ ዓመተ ምሕረት ጥር ላይ፣ የትምህርት ቤቱ የወላጆች በዓል ሲቃረብ፣ ወደ ቡሬ ተመለስሁ። ሲሳይነሽ አሥራ ሰባት ዓመት ሞልቷት ስምንተኛ ክፍል ደርሳለች። ያሰብሁትን ስነግራት ፊቷ ጠቆረ።

«ጋሼ፣ መምህር ክንዱ ከሰዓት በኋላ እያስቀረ ያስጠናናል። ሁሉም ፈተና በእንግሊዝኛ ነው። አንደኛ ሆነሽ ታልፊያለሽ ብሎኛል።»

«እኔን ያዋረደ ሰው ለአንቺ ደግ ሆነ?»

«ደግ ነው አላልሁም። ያስተምራል ነው ያልሁት።» ጉልበቴን ያዘችኝ። «እስከ ሰኔ ይታገሡኝ። ፈተናውን ልፈተን። ከዚያ የፈለጉትን ያድርጉት።»

አምስት ወር ብቻ ነበር የለመነችኝ። ነገር ግን ያገሩ ሽማግሌና ካህን ባንድነት የሚሰበሰበው በዚያ በዓል ላይ ነው፤ በሰኔ ማን ይሰማኛል? ደግሞም ዓመት ከሁለት ወር አፌ ውስጥ ይዤው የኖርሁት ነገር ምላሴን ያሳክከኝ ነበር። «አይሆንም» አልኋት። ጉልበቴን ለቀቀች።

በዓሉ ዕለት ያንን ጥምጥም፣ ከነጠመኔው፣ ጠምጥሜ ሄድሁ። ልጆቹ መዝሙራቸውን ከዘመሩ በኋላ አቶ ንብረት «ከወላጆች የሚናገር አለ?» ሲሉ ተነሣሁ።

«የኔታ ክንዱን አንድ ቃል ልጠይቃቸው እሻለሁ። እሳቸው አንድ ፍቺ ይስጡኝ፣ እኔ አንድ እሰጣለሁ። ያለቀበት ይቀመጥ።»

ክንዱ ጥምጥሙን ሲያይ ነገሩ ገባው። «ይህ ልማድ የኛ አይደለም» አለ። እዚያ የተሰበሰበው ሰው ግን የጉባኤ ቤት አገር ሰው ነው፤ ተጠይቆ እምቢ የሚል መምህር ባዶ ነው ብሎ ያምናል። ካህናቱ ማጉረምረም ጀመሩ። አቶ ላቀው የሚባሉ ገበሬ ሽማግሌ «መምህር፣ ይመልሱ እንጂ፣ ምን ከፋው? እኔ እቆጥራለሁ» ብለው ለዘር ከገዙት ባቄላ እፍኝ አወጡ። ፍርዱን እንዲሰጡ ያመጣኋቸው አባ ገብረ ሕይወት ደግሞ መዝገቡን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ።

«መውሰድ» አለ ክንዱ።

«መድኃኒት መዋጥ» አልሁ።

«መያዝ።»

«ፎቶግራፍ ማንሣት።»

ስድስት አለ፤ ሰባተኛው ላይ ከረባቱን ላላ አደረገ። ስምንተኛውን አባ ገብረ ሕይወት ራሳቸውን ነቅንቀው «የለም» አሉት። እኔ ግን ቀጠልሁ። መቀመጥ። ገላ መታጠብ። ልጅ አባቱን መምሰል። አውሮፕላን ከመሬት መነሣት። ጊዜ መፍጀት። ሚስት ማግባት። አቶ ላቀው ባቄላውን ባንድ ባንድ ሲጥሉ ሰዉ «አንድም!» እያለ ያጅባል። «ፈተና መፈተን» ስል ዐይኔ ሲሳይነሽ ላይ ዐረፈ። እሷ ባቄላውን ነበር የምታየው።

«በቀል መበቀል» ብዬ ጨረስሁ። ሠላሳ ሰባት ባቄላ። እልልታው ቀለጠ። ጥምጥሜን አውልቄ በክንዱ ፊት ጠመኔውን አራገፍሁት፤ አቧራው ከረባቱ ላይ ዐረፈ። ደስ አለኝ። ዛሬም ሳስበው ደስ ይለኛል፤ የሚያቃጥለኝም ይኸው ነው።

ክንዱ ሳምንት አልቆየም። በመንገድ ሲያልፍ ሕፃናት «አንድም! አንድም!» ይሉታል፣ ገበያ ሲወጣ ሴቶች ባቄላ ያሳዩታል። አልጋውን አሳስሮ ባገኘው የጭነት መኪና ሄደ። አቶ ንብረት ምትክ እንዲላክላቸው ቢጽፉ፣ በየካቲት አገሩ በግብር ነገር ታመሰ፤ ማንም መምህር ወደ ጎጃም የሚመጣ አልተገኘም።

አንድ ጧት አቶ ንብረት ቤቴ መጡ። «መሪጌታ፣ ክንዱን ያሸነፈ ሰው ልጆቹን ማስተማር አያቅተውም። ግቡልኝ» አሉ። እንግሊዝኛ የማውቅ መስሏቸዋል። አገሩ ሁሉ መስሎታል። ሰሌዳው ፊት ቆምሁ። መጽሐፉን ስገልጥ ከገጹ ላይ የማውቃት አንዲት ቃል ብቻ ናት፤ እሷም እየዘለለች ትመጣለች። አንድ ተማሪ «ይህ ምን ማለት ነው?» ብሎ ጣቱን ሲያስቀምጥ መጽሐፉን ዘጋሁት።

ወደ ፍኖተ ሰላም ሮጥሁ። «ይምጡና ያስተምሩልኝ» ብዬ አባ ገብረ ሕይወትን ለመንኋቸው።

«ዐይኔ ደክሟል፣ እግሬም ዳግመኛ ቡሬ አያደርሰኝም» አሉ። «ክፍሉን ባዶ ያደረገ ሰው እሱው ይግባበት።» መዝገቡን ሰጥተውኝ በሩን ዘጉት።

እኔም ያደረግሁት የማውቀውን ነው። መዝገቡን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ፣ ቃል ሳልዘል፣ ልጆቹን አቁሜ በቃል አስጠናሁ። ከእኛ ዘንድ መጽሐፍ ከመሐል አይጀመርም። ሲሳይነሽ አንድ ሁለት ጊዜ «ጋሼ፣ ፈተናው እንዲህ አይደለም፤ ንባብ ነው የሚመጣው» አለችኝ። ተቆጣኋት። ሰኔ ሲገባ ሁለተኛውን ፊደል ገና አልጨረስንም ነበር።

እስከ ፈተናው ከቀሩት ሃያ ሁለት ልጆች ሁለት አለፉ። ሲሳይነሽ ከሁለቱ አልነበረችም። አባታችን ወረቀቱን አገላብጠው አዩና «በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ፣ በራሷ አሳጠረች» አሉ፤ እኔን እያዩ ነው ያሉት። ለገደፋው ሰው ላኩ።

አንዲት ቃል አልወቀሰችኝም። ሰርጓ ጥር ላይ ሆነ፤ በዓሉ በዋለ በዓመቱ። ከሙሽራው ኋላ በበቅሎ ስትሄድ ቀና ብላ አላየችኝም።

ሁለት ዓመት ሽንዲ ለመሄድ ፈራሁ። በሦስተኛው ሄድሁ። ገደፋው እርሻ ላይ ነበር። ሲሳይነሽ ልጅ አዝላ፣ ከስታ፣ በደንብ ተቀበለችኝ፤ አጎንብሳ እግሬን አጠበችኝ። ስለ አባታችን ጠየቀችኝ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቀችኝ። ይቅርታ እለምናለሁ ብዬ አፌን ስከፍት «ቆዩ፣ መንገድ ደክሞዎታል፣ መጀመሪያ እህል ይቅመሱ» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ጥቂት የባቄላ ንፍሮ በሣህን አምጥታ ፊቴ አኖረችው። እጇን አጣጥፋ ከምሰሶው ሥር ቆመች።

«ጋሼ» አለችኝ፣ በዚያው ትሑት ድምፅዋ፤ «እየቆጠሩ ይብሉ።»

በቤታችን ቂመኛው እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ቀና ብዬ ባያት ዐይኗን አልሰበረችም።

አንድ ባንድ እያነሣሁ፣ እየቆጠርሁ በላሁት። ሠላሳ ሰባት ነበር።