የአራተኛው ፒስተን ፋሻ

ዕድሜው አርባ ሦስት፣ ራሱ መላጣ፣ የሁለት ሴት ልጆች አባት ነው፤ ሰፈሩ ግን እስካሁን «ልጁ» እያለ ነው የሚጠራው። በአባቱ ጋራዥ የሚሠራ ሰው ሌላ ስም አያገኝም። ደንበኛ ብቅ ይልና «አባባ አሉ?» ይላል። የሉም ሲባል «በቃ፣ ሲመጡ እመለሳለሁ።» ከቁልፍ ማቀበል እስከ ሞተር ማውረድ ሃያ ዓመት ለፍቶ የሚሰማው ይህንኑ ነው። ታዲያ አንድ ባለፒካፕ ሰኞ ጠዋት ገብቶ «ልጁ አለ?» ሲል ጆሮውን ማመን አቃተው።

ሰውዬው እሁድ እሁድ ከከተማ ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ ላይ ከሌሎች ባለፒካፖች ጋር ይሽቀዳደማል። ባለፈው አንዱ ናይትረስ የሚባለውን ጋዝ ሞተሩ ላይ አስገጥሞ መጣና አቧራ አስቃመው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ነውና፣ እሱም የጋዙን ሰማያዊ ቦምቦላ እንደ አራስ ልጅ አቅፎ መጣ።

«ለእሁድ ግጠምልኝ። አባባ ይሄን አያውቁትም፤ አንተ ነህ የምታውቀው። ካማረልኝ ሜዳው ላይ ያለው ሁሉ አንተ ጋ ነው የሚመጣው።»

ልጁ ደስታው ፊቱ ላይ እንዳይታወቅበት ኮፈኑን ለመክፈት አጎነበሰ።

ደስታው የቆየው እስከ አራተኛው ካንዴላ ድረስ ነው። ለሞተሩ እሳት የሚሰጡትን ስድስቱን ካንዴላ ፈትቶ ጨርቅ ላይ ደረደረ። አምስቱ ደረቅ ናቸው፤ አራተኛው ዘይት ጠጥቷል። ጠረገው፣ መልሶ አሰረው፣ ሞተሩን አስነሥቶ አስጓራው፣ ፈታው። ያው ዘይት! አሁንም ጠረገው። አሁንም ያው። «ኧረ በሕግ አምላክ!» ብሎ ጨርቁን ወረወረው።

ናይትረስ ጤነኛ ሞተር ያስጋልባል፤ በሽተኛውን ግን ይገድላል። ዘይት የሚያስገባ ሲሊንደር ውስጥ ከገባ እሳቱ ያለ ጊዜው ይፈነዳና ፒስተኑን ይሰነጥቀዋል፤ ይሄ ሁሉ ሲሆን ሰውዬው በመቶ ስድሳ እየበረረ ነው። ሞተሩን ከፍተው ሕመሙን ሳያገኙ ቦምቦላውን ማሰር ነፍስ ማጥፋት ነው። ችግሩ፣ ይህን ሞተር ከሰባት ወር በፊት የገጠሙት አባቱ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ሞተር አልነኩም። በር ላይ ያለው አሮጌ የመኪና ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚገባውን መኪና በድምፁ ያክማሉ፤ «ቺንጋው ላልቷል» ካሉ ላልቷል ነው። ስለ ዓይናቸው ግን ቤት ውስጥ አንድም ሰው አይተነፍስም፤ እሳቸውም አይተነፍሱም።

ስለዚህ ልጁ ሞተሩን የሚከፍትበት ሰበብ ፈለገ። ፒስተኑን የሚያቅፈው ቀጭን የብረት ቀለበት፣ ፋሻ የሚሉት፣ ጫፍና ጫፉ አይገጥምም፤ ክፍተት አለው። ጋዙ ሙቀት ስለሚጨምር ክፍተቱ በሞረድ መስፋት አለበት። ይህ እውነት ነው። ሙሉው እውነት አይደለም እንጂ።

«የኔን ሞተር ልትከፍት?» አሉ አባትየው።

«ለጋዙ ነው አባባ።»

«እኔ የዘጋሁትን?»

«ፋሻው መስፋት አለበት። ለጋዙ ነው አልኩዎት እኮ!»

«እንግዲያው እኔም አጠገብህ ነኝ» ብለው ወንበራቸውን አስጎተቱ።

አይ መከራ! ሁለት ቀን ሙሉ ራሱ ላይ ቆሙበት ብል ይሻላል። «ቀስ! የሞተር ቴስታታ ነው እንጂ የድስት ክዳን መሰለህ?» «ብሎን ሲፈታ ከዳር ነው ብዬህ አልነበረም?» ከዳር ነበር የጀመረው፤ ማን ይስማው? አንዱ ብሎን ደግሞ ወይ ፍንክች ብሎ ግማሽ ቀን በላ። ባለፒካፑ በበኩሉ በየሰዓቱ «አለቀ?» እያለ ይደውላል። ልጁ ጥርሱን ነክሶ ዋለ።

ሐሙስ ከሰዓት አራተኛው ፒስተን ወጣ። ካቀፉት ፋሻዎች በሁለተኛው ላይ የሰናፍጭ ቅንጣት የማታህል ነጥብ አለች። ወደ ላይ መሆን ነበረባት፤ ወደ ታች ነበረች። ተገልብጦ የገባ ፋሻ ዘይቱን ወደ ታች በመጥረግ ፈንታ ወደ ላይ ይስባል። ጀማሪ የሚሠራው ስህተት ነው፤ ወይም ነጥቧ የማትታየው ሰው። ልጁ በጨርቅ ሊሸፍነው ሲል ባለፒካፑ ከኋላው ደርሷል፤ ቪዲዮ አይቶ አይቶ ግማሽ መካኒክ የሆነ ሰው ነው።

«ተገልብጧል እኮ! ነጥቡን አታየውም? ማነው እንዲህ የገጠመው?»

አባትየው አንገታቸውን ቀና አደረጉ። «ምኑ ነው የተገለበጠው?»

«ፋሻው ነዋ፣ አባባ!»

«እኔ ነኝ» አለ ልጁ። ከአፉ ሲወጣ ራሱም ደነገጠ። «ያን ቀን እርስዎ ለምሳ ሲሄዱ አራተኛውን እኔ ነበርኩ የገጠምኩት።»

ያን ቀን ምሳ ሄደው ይሁን አይሁን ማን ያስታውሳል? የሰባት ወር ቁጣ ወረደበት። «አንተ ጉደኛ! አርባ ዓመት አልፎህ! የራስህን ስም ማጥፋት ትችላለህ፤ የኔ ምን አድርጎህ ነው?» ድምፃቸው ጋራዡን ሞላው፤ ፊታቸውም ፈካ። ባለፒካፑ እጅ ነሥቶ «አባባ፣ አደራዎን፣ ከእንግዲህ ይሄን ሞተር ከእርስዎ ሌላ ማንም እንዳይነካብኝ» አለና ልጁን ዞር ብሎ እንኳ ሳያየው ወጣ።

ልጁ የሚገባበት ጠፋው። ራሱ በአፉ ባመጣው ጣጣ ማንን ይውቀስ? የአባቱን ስም አዳነ፤ የራሱን ግን ገደል ከተተ። ደሙ ፈላ።

«ባትሪውን ያዝልኝ» አሉ አባትየው እጅጌያቸውን ሰብስበው። ልጁ ሞርዶ ያሰፋውን አዲስ ፋሻ አንሥተው በአውራ ጣታቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉና ፒስተኑ ላይ አስገቡት። ተገልብጧል። ልጁ በባትሪው ብርሃን አየው። እሳቸው ሲሄዱ ጠብቆ ማስተካከል ይችላል፤ የሚጠበቅበት ዝም ማለት ብቻ ነው።

«አየህ?» አሉ። «ነጥቧ ወደ ላይ። እንዲህ ነው የሚሠራው፣ ደንቆሮ!»

«ተገልብጧል!» ብሎ ጮኸ። «ተገልብጧል አባባ! አሁንም ተገልብጧል!»

ወዲያው ምላሱን ቢቆርጠው በወደደ።

«አሁንም?» አሉ አባትየው። አውራ ጣታቸውን በፋሻው ዙሪያ አዞሩ፤ ደገሙ። «የቱ ጋ ናት ነጥቧ?»

ልጁ ጣታቸውን ይዞ ነጥቧ ላይ አስቀመጠላቸው።

«እዚህ?»

«አዎ።»

«ምንም አይሰማኝም» አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው «ያኛውም የኔ ነበር፤ አይደል?» አሉ።

ልጁ ባትሪውን ዝቅ አደረገ። አባትየው ፒስተኑን መልሰው በሁለት እጃቸው አስረከቡት።

«ለሰውዬው ደውልለት።»

«ምን ልበለው?»

«እኔው እነግረዋለሁ፤ ሞተሩን የሚሠራለት ማን እንደሆነ ይወቅ እንጂ። አንተ ደውለህ ስጠኝ፤ ቁጥሩ አይታየኝም።»