ቀይ ዳዶ

የጎማ ዳዶ ቀይ ያስቀባ ደንበኛ ሁሉ ቀለሙ ተላጠ እያለ ሲመላለስበት፣ መኪና ቀቢው ነገሩን በታላቅ እህቱ ታክሲ ላይ ሊፈትነው ቆረጠ። እህቱ ጥፍሯ ያለ ቀይ ቀለም ታይቶ የማያውቅ ሹፌር ናትና ደስ አላት። ከአንዱ ጎማ ሦስት ዳዶ ፈታ። አንዱን ተራ የሚረጭ ቀለም፣ ሁለተኛውን የመኪና አካል ቀለም ቀባው፤ ሦስተኛውን የዱቄት ቀለም አልብሶ ምድጃ ውስጥ ጋገረው። ከዚያ ሦስቱንም መልሶ አሰራቸው።

«ይሄን እንኳን ጭቃ፣ መፍቻም አይልጠው!» ብሎ ደረቱን ነፋ።

የክረምቱ ዝናብ እንዳባራ እህቱ ጋራዡ ደጃፍ ታክሲዋን አቆመች። ቀቢው ጎማው ሥር ቁጢጥ አለ። ሁለቱ ዳዶዎች ቀለማቸው ረግፎ ዝገዋል፤ የተጋገረው ግን እንደ አዲስ ያብረቀርቃል።

«አላልኩሽም እትዬ? ጎማው ተፈትቷል?»

«ስንቴ! ጎሚስታው እኮ በአየር መፍቻ ነው የሚፈታው።»

«በአየር መፍቻ ተፈትቶም እንዲህ!»

ኩራቱ አላስቀምጥ ብሎት ዳዶውን በጥፍሩ ጫር አደረገው። ቀዩ ቀለም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሣ፤ ከሥሩ ባዶ ብረት ነው። ቀና ብሎ እህቱን አያት።

«ቀድሞ የተላጠው እሱ ነው» አለች፣ ዓይኗን ወደ መንገዱ መልሳ። «የተመካህበት ስለሆነ ፊትህ ሲጠቁር ማየት አልቻልኩም። በየሳምንቱ የጥፍር ቀለም እየቀባሁት ነው።»

መሪው ላይ ያረፈውን እጇን አየ። ጥፍሯ ላይ ምንም የለም።

«ያንቺስ?»

«ብልቃጧ ለእኔና ለዳዶህ አልበቃችማ!»